ጭን የማያቃጥል ላፕቶፕ

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ፣ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። መቀመጫዬ አዲስ አበባ ቢሆንም ከወሩ አሥር ቀን ያህል መስክ ላይ ነኝ፤ ሰመራ፣ ጅግጅጋ፣ አንዳንዴም ጎዴ። ከሁለት ዓመት በፊት ላፕቶፕ ስገዛ ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው፣ የጌም ማሽን ነው፣ ምንም አያቅተውም» ብሎኝ ወሰድኩት። እውነትም አያቅተውም። ግን ከነቻርጀሩ 3 ኪሎ ይሆናል፤ ትከሻዬ አለቀ። ኤክሴል ብቻ ከፍቼ እንኳ ፋኑ ይጮኻል። ስብሰባ ላይ ሰው ዞሮ ያየኛል። ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ያቃጥለኛል። ባትሪው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሥራዬ ኤክሴል፣ ዎርድ፣ ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራም)፣ ኢሜይልና የዙም ስብሰባ ነው። ደብዳቤ የምጽፈው በፓወር ግዕዝ ነው። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለገና ትመጣለች፤ «ማክቡክ ኤር ላምጣልሽ» ትለኛለች። የቢሮ ልጆች ደግሞ «ቦሌ ሄደሽ ስላይትሊ ዩዝድ ግዢ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ ሰ.፣ እንደምን አለሽ?

ከሁሉ በፊት ስለ ጭንሽ ላንሳ። ላፕቶፕን በየቀኑ ጭን ላይ አድርጎ መሥራት ቆዳ ላይ መረብ የመሰለ ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ምልክት ሊያወጣ ይችላል። ለዚህ የግድ የሚያቃጥል ሙቀት አያስፈልግም። ሞቅ ያለው ሲደጋገም ይበቃል። እንዲህ ያለ ምልክት ካየሽ ለሐኪም አሳዪው። ከዛሬ ጀምሮም ጠረጴዛ ላይ ሥሪ፤ ጠረጴዛ ከሌለ ትሪ ወይም ጣውላ ከሥሩ አድርጊለት። አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ።

ሻጩ አልዋሸሽም። የገዛሽው በእርግጥ ኃይለኛ ነው። ግን ምን እንደምትሠሪበት አልጠየቀሽም። ለኤክሴልና ለፒችትሪ የጌም ማሽን መግዛት ለአንዲት ሲኒ ሻይ የእንጀራ ምጣድ ማጋል ነው። ክብደቱ፣ ጩኸቱ፣ ሙቀቱና ቶሎ የሚያልቀው ባትሪ አራት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። ምንጫቸው ግን አንድ ነው፤ ማሽኑ የሚበላው ዋት።

ላፕቶፕ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ብዙ ዋት የሚበላ ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል) ብዙ ሙቀት ያወጣል። ያን ሙቀት ጠርጎ ለማስወጣት የመዳብ ቱቦና ትልልቅ ፋኖች ይገቡበታል፤ እሱ ክብደት ነው። ፋኑ ሲፈጥን ይጮኻል። ያን ሁሉ ዋት የሚመግበው ቻርጀር ደግሞ ጡብ ያክላል። ባትሪውንም አስቢው። 57 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ በአማካይ 6 ዋት ለሚበላ ላፕቶፕ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይቆያል። 25 ዋት ለሚበላው ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ባትሪው ያው ነው፤ የተለየው የበላተኛው ሆድ ነው። መብራት ሲጠፋ ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ «አይ 5 ነው አይ 7?» ብለሽ አትጀምሪ። ሙሉውን የፕሮሰሰር ስም አስነብቢና መጨረሻው ላይ ያለውን ፊደል እዪ። ከቁጥሩ በኋላ ኤች ካለ ለጌምና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የተሠራ ነው። ለምሳሌ አይ 7 12700ኤች መነሻው 45 ዋት ሲሆን ሥራ ሲበዛበት እስከ 115 ዋት ይወጣል። ዩ ካለ የቀጭን ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ነው። አይ 5 1235ዩ መነሻው 15 ዋት ነው፤ ለጥቂት ጊዜ እስከ 55 ዋት ይዘልና ወደ ቦታው ይመለሳል። ያንቺ ሥራ እንዲህ ነው። ፋይል ስትከፍቺ ለአፍታ ኃይል ይፈልጋል፣ ከዚያ አንቺ ቁጥር እስክታስገቢ ይጠብቃል።

መሃል ላይ ፒ የሚባል አለ፤ መነሻው 28 ዋት። በ12ኛውና በ13ኛው ጀነሬሽን (የፕሮሰሰሩ ትውልድ ማለት ነው) ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ውስጥ ገብቷል። እኔ ፒን ላንቺ አልመርጥም። አንድ ኪሎ በሆነ ቀጭን ሰውነት ውስጥ 28 ዋት ሲነድ መውጫ ያጣል፤ ፋኑም እረፍት አያገኝም። «ቀጭን ስለሆነ አይግልም» ብለው የገዙ ሰዎች ቅር የሚላቸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

11ኛው ጀነሬሽን ላይ ግን ዩን ብትፈልጊ አታገኚም። እዚያ መጨረሻው ጂ7 ነው የሚለው፤ አይ 5 1135ጂ7 እንደሚባለው። ያም የዚያው የቀጭን ላፕቶፕ ቤተሰብ ነውና አትሽሺው። በአዲሶቹ የኢንቴል ኮር አልትራ ፕሮሰሰሮች ላይ ዩ እንደ ድሮው ነው። ከመስከረም 2024 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ የወጣ፣ መጨረሻው ቪ የሆነ ደግሞ አለ፤ መነሻው 17 ዋት ነው። ኢንቴል ካሠራቸው ለባትሪና ለቅዝቃዜ በጣም የምወደው እሱን ነው። ራይዘን የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ካጋጠመሽም ዩ ያለውን ያዢ፤ ኤችኤስና ኤችኤክስ የሚለውን እለፊው።

አይ 5 ወይስ አይ 7 ለሚለው፣ ፊደሉ አንድ ከሆነ አይ 5 ይበቃሻል። የተረፈውን ገንዘብ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ማህደረ ትውስታ) ላይ አውዪው። 16 ጊጋ ይሁን። 8 ጊጋ ላይ ዙም፣ ኤክሴልና ክሮም አብረው ሲከፈቱ ማሽኑ መጨናነቅ ይጀምራል። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ «በኋላ እጨምራለሁ» ማለት አይሠራም። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲው 512 ጊጋ ቢሆን መልካም ነው፤ 256ም ላንቺ ሥራ አያንስም።

ስክሪን ላይ ብዙ አልቆይም። 14 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ ወይም ከሱ ትንሽ ከፍ ያለ ይብቃሽ። ፎር ኬ ባትሪ ይበላል እንጂ ለኤክሴል የሚጨምረው ነገር የለም። የማያንጸባርቅ ይሁን፤ ድንኳን ሥር ስትሠሪ ታመሰግኚኛለሽ።

አሁን ወደ ማክቡክ ኤር። የአክስትሽ ልጅ ለራሷ ብትመርጥ ትክክል ናት። በኅዳር 2020 እንደ ፈረንጆቹ ኤም 1 የሚባለው የአፕል ፕሮሰሰር የገባበት ማክቡክ ኤር ከወጣ ጀምሮ ፋን የለውም። ጨርሶ የለውም። 1.29 ኪሎ ነው። ከኤም 2 ጀምሮ ያሉት ባለ 13 ኢንቾች ደግሞ 1.24 ኪሎ ገደማ ናቸው። ድምፅ የለ፣ አቧራ የሚስብ ቀዳዳ የለ። ረጅም ከባድ ሥራ ሲሰጠው ራሱን ቀስ ያደርጋል፤ በቢሮ ሥራ ላይ ግን ይህን አታዪውም። ኢሜይልና ጽሑፍ ብቻ የምትሠሪ ብትሆኚ እዚህ ላይ «ማክቡኩን ተቀበይ» ብዬ ደብዳቤዬን በጨረስኩ ነበር። ብቻ ከኤም 1 በፊት የነበሩት የኢንቴል ማክቡክ ኤሮች እንዳይምታቱብሽ። የ2020ው ኢንቴሉ ፋን አለው፤ ይግላልም።

ላንቺ ግን እንቅፋቱ ፒችትሪ ነው። ፒችትሪ፣ ዛሬ ሴጅ 50 የተባለው፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ፓወር ግዕዝም እንዲሁ። አማርኛ መጻፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማክ ላይ ኪይማን የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ጭነሽ ትጽፊ ነበር። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ የቢሮ ሰነዶች ግን እዚያ ሲከፈቱ ፊደላቸው ይዘበራረቃል። ማክ ውስጥ ዊንዶውስ የሚያስገባ ፕሮግራም መኖሩን አውቃለሁ። የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ጎዴ ላይ ሆነሽ እሱ ቢያስቸግርሽ የሚደርስልሽ ሰው የለም። የሥራ መሣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ዕዳ አልጨምርብሽም። ቢሯችሁ አንድ ቀን ሒሳቡን በብራውዘር ወደሚከፈት ሲስተም ካዞረ ነገሩ ይቀየራል።

ስናፕድራጎን የሚባለው ፕሮሰሰር ያላቸው የዊንዶውስ ላፕቶፖችም እንዲሁ ቀላልና ቀዝቃዛ ናቸው። እነሱ ላይም አብዛኛው ፕሮግራም ይሠራል። አሮጌ ፕሪንተርና አንዳንድ የቢሮ ቪፒኤን ግን እምቢ ሊሉ ይችላሉ። የቢሯችሁ አይቲ ፈትኖ ካላሳየሽ በቀር አትግቢበት።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለሽ።

የመጀመሪያው ከቦሌ ስላይትሊ ዩዝድ መግዛት ነው፤ የቢሮ ልጆች የመከሩሽ ክፉ አይደለም። ለድርጅት ሠራተኞች ተብለው የተሠሩትን ፈልጊ፤ ቲንክፓድ፣ ኤሊትቡክ፣ ላቲቲዩድ። ላንቺ የማስቀድመው ቲንክፓድ ኤክስ 1 ካርቦን ጄን 9ን ነው። ክብደቱ ከ1.13 ኪሎ ይጀምራል፤ ባትሪው 57 ዋት-ሰዓት ነው። ልብ በዪ፤ ጄን 9 የላፕቶፑ ትውልድ ነው፣ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ግን 11ኛ ጀነሬሽን ነው። ሻጮች ሁለቱን ሲያምታቱ ሰምቻለሁ። ኤሊትቡክ 840 ጂ8 ትንሽ ይከብዳል፤ 1.3 ኪሎ ገደማ ነው። ራሙ ግን ይቀየራል። ላቲቲዩድ 7420ም በክብደት እዚያው ሰፈር ነው። ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች አትውረጂ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት (ኦክቶበር) 14 ቀን 2025 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ መደበኛ ድጋፉ ተቋርጧል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴሎቹ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ጀምሮ ነው። የድርጅት ሒሳብ ይዘሽ የደህንነት ማሻሻያ በማይደርሰው ማሽን አትዙሪ።

ሱቅ ውስጥ ቸኩለሽ አትውጪ። ይህን የምልሽ አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ አይቼ ገዝቼ ማታ ቤት ስደርስ እንደ ምድጃ የጋለ ላፕቶፕ ስለገጠመኝ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠይቂ። ዋይፋይ ያስገቡልሽ፣ ሁለት የዩቱብ ቪዲዮና አንድ ትልቅ ኤክሴል ክፈቺ፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከኪቦርዱ በላይ ያለውን ቦታ ንኪው። ሞቅ ቢል ምንም አይደለም። እጅሽን ማሳረፍ ካቃተሽ ተዪው። ከዚያ ሁሉንም ዘግተሽ ታስክ ማናጀር ላይ ሲፒዩውን እዪ። ምንም ሳይሠራ 30 እና 40 በመቶ ላይ ከቆየ ከጀርባ የሚሮጥ ነገር አለ። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሻጩን «ባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» በዪው። ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና ዛሬ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳይሻል። 57 የነበረው ዛሬ 35 ከሆነ ወይ ዋጋ ይቀንስልሽ ወይ ሌላ ያምጣ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ሰው አይጠይቀውም። እነዚህ ላፕቶፖች የውጭ ድርጅቶች ንብረት የነበሩ ናቸው። አንዳንዶቹ የድሮው ድርጅት ቁልፍ አልተነሳላቸውም። ዛሬ ይሠራሉ፤ ፎርማት ሲደረጉ ግን የማታውቂው ድርጅት መግቢያ ይጠይቁሻል። ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ መነሻ ፕሮግራም) በፓስወርድ የተቆለፈም ይገጥማል። ስለዚህ ባዮሱን አስከፍቺ፤ ዊንዶውሱም ፊትሽ ሪሴት ተደርጎ ከኢንተርኔት ጋር ሆኖ እንደ አዲስ ሲነሳ እዪ። እምቢ የሚል ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

ሁለተኛው መንገድ ከቨርጂኒያ ማስመጣት ነው። አቅሙ ካለሽ እኔ የማዘነብለው ወደዚህ ነው፤ ምክንያቱም ቪ የሚለው ፕሮሰሰር ያለበት አዲስ ታገኚያለሽ። አሱስ ዜንቡክ ኤስ 14 ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር 1.2 ኪሎ ነው፤ ባትሪው 72 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ኤክስ 1 ካርቦን ጄን 13 ደግሞ ከ1 ኪሎ በታች ይጀምራል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። በነዚህ ላይ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ስለሆነ 16 ወይም 32 ብለሽ ስትገዢ ነው የሚቆረጠው።

የአክስትሽን ልጅ ገና ከመድረሱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላ እንድትገዛ ንገሪያት። እዚያ አብዛኛው ሱቅ ዕቃ የሚመልስበት የተወሰነ ቀን አለው። ያ ሳያልፍ ከፍታ አንድ ሁለት ቀን ትጠቀምበት፤ ፋኑን ትስማው። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ የኛን 220 ይችላል። የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ትፈልጊያለሽ። ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣዋ ትያዘው፤ ፓወር ባንክ ካመጣችልሽ ግን የግድ በእጇ ይሁን፤ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ባለ 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓቱ 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ ችግር የለበትም። ብቻ በዩኤስቢ ሲ 65 ዋት የሚያወጣ መሆኑን ታረጋግጥ፤ የስልኩ ዓይነት ላፕቶፕ አይሞላም። ላፕቶፑም በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ከሆነ አንድ ትንሽ ቻርጀር ለስልክሽም ለሱም ይሆናል። ወደ ጅግጅጋ ስትበሪ የእጅ ሻንጣሽ 7 ኪሎ ነው፤ የዛሬው ማሽንሽ ብቻውን ግማሹን ሊወስድ ምንም አልቀረው።

ስለ ሰመራ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚያ የትኛውም ላፕቶፕ ይቸገራል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ፋን የሚጠርገው ሙቀት ከቆላ ያነሰ ነው። ሰመራ ስትወርጂ አየሩ ይወፍራል፣ ግን ራሱ አየሩ በሙቀቱ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፋን በጋለ አየር ምን ያቀዘቅዛል? አፕል ለላፕቶፖቹ የሚያስቀምጠው የአካባቢ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ከባዱን ሥራ በጠዋት ጨርሺው። ቀትር ላይ ቻርጅ እያደረግሽ አትሥሪ፤ ቻርጅ ማድረግ ራሱ ሙቀት ይጨምራል። ፍራሽና ትራስ ላይ አታስቀምጪ፤ የአየር መግቢያው ከሥር ነውና ይታፈናል። ቆሞ በተዘጋ ላንድ ክሩዘር ውስጥ ፈጽሞ አትተዪው። ባትሪን እንደ ሙቀት የሚያስረጅ የለም፤ በተለይ 100 ላይ ሞልቶ ሲግል። ቲንክፓድ፣ ዴል፣ ኤችፒና አሱስ 80 በመቶ ላይ ሙላቱን የሚያቆም ማስተካከያ አላቸው። ቢሮ ስትሆኚ እሱን አብሪው፤ የመስክ ዋዜማ ብቻ 100 አድርጊው።

እስከ ገና ደግሞ የያዝሽውን እናብርደው። ሁለት ዓመት የመስክ አቧራ ጠጥቷል። ታማኝ ባለሙያ ዘንድ ወስደሽ ፋኑ ይጠረግ፤ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስትም (ሙቀት አስተላላፊ ቅባቱ) ይቀየር። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተሽ ከፍተኛውን የፕሮሰሰር መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርጂው። አንድ በመቶ ብቻ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ፕሮሰሰሩ ከመነሻው በላይ እንዳይዘል ማገድ ነው። ኤክሴሉ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይሽም፤ ፋኑ ላይ ግን ትሰሚዋለሽ። ኩሊንግ ፓድ የሚሉሽን ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ተጠቀሚበት፤ ለመስክ ተጨማሪ ሸክም ነው።

አሮጌውንም በርካሽ አትጣዪው። ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም አርክቴክቸር የሚማር ልጅ ያንን ማሽን በደስታ ይገዛሻል፤ ለሱ ሥራ የተሠራ ነው። አዲሱ ሲገባ ፒችትሪሽን ጭነሽ አንድ ወር አዲስ አበባ ላይ ሥሪበት። ሰመራ ደርሰሽ ስትመለሺ ደግሞ የባትሪውን ሰዓት ጻፊልኝ።